በጾም ማለዳ የተነሣው ኩባያ

መምህር ወልደ ሐዋርያት ኩባያውን ወደ አፋቸው አስጠግተው በእንግሊዝኛ «አይ አም ድሪንኪንግ ዋተር»፣ ውሃ እየጠጣሁ ነው፣ እንዳሉ ወደቁ። መቶ አለቃ ጓንጉል ከሰቆጣ ፖሊስ ጣቢያ እየሮጠ ሲደርስ አስከሬኑ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር እንደ ደጋን ተለጥጦ፣ ጥርሱን ነክሶ ተንጋሏል። ውጭ ደግሞ አገር ምድሩ የትምህርት ቤቱን ግቢ ሞልቶ «ዓሊዬን አውጡልን! መምህራችንን በመርዝ የገደለውን አውጡልን!» እያለ ይጮኻል።

ጓንጉል በሩን ከውስጥ ቀረቀረው። ችኩል ሰው አይወድም፤ ችኩል ሕዝብማ ያስፈራዋል። እዚህ ግቢ ውስጥ ፍርዱ ከምርመራው ቀድሞ ተሰጥቷል። ነገሩን ቶሎ ካልፈታው ባለሱቁ ዓሊዬ ጣቢያ እንኳ ሳይደርስ በድንጋይ እንደሚያልቅ ገብቶታል።

ጊዜው በ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የገባበት ሰሞን ነው። መምህሩ ለሥራ ሰዎች ቢሮና ሱቅ ሳይከፈት፣ በማለዳ እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቹ ሦስት ናቸው፤ ባለሱቁ ዓሊዬ፣ የጤና ጣቢያዋ ቁስል አሻጊ ድሬሰር እናትነሽና የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ አሥራተ ማርያም። መምህሩ ከፋሲካ በኋላ ደሴ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ወርደው ከሦስቱ አንዱን ለረዳት መምህርነት ሊያጩ ነበር። የሚያጩትም ዓሊዬን እንደሆነ በሁሉም ፊት ተናግረዋል።

«ምን እየተማራችሁ ነበር?» አለ ጓንጉል መጀመሪያ ወደ እናትነሽ ዞሮ።

«እየተደረገ ያለ ነገር በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚነገር» አለች። «‹አም› ወይ ‹ኢዝ› ወይ ‹አር› ይቀድማል፤ ግሱ ጫፍ ላይ ‹ኢንግ› ይገባል። መምህራችን ግን ደንቡን መሸምደድ አይወዱም። ‹እጃችሁ እየሠራ አፋችሁ ይናገር፤ ሥራው ካለቀ ንግግሩም አለቀ› ነው የሚሉት። እኔ በሩን እየከፈትኩ ‹አይ አም ኦፕኒንግ ዘ ዶር› አልኩ። ዓሊዬ እየተራመደ ‹አይ አም ዎኪንግ› አለ። አሥራተ ሰሌዳው ላይ እየጻፈ እንዲናገር ቢታዘዝ እጁ ሲሄድ ምላሱ ተያዘ። ሁሌም እንደዚያ ነው።»

«ከዚያስ?»

«መምህሩ ‹እኔን እዩ› ብለው ኩባያውን አነሡ። አፋቸው ላይ ሲያደርጉት አየሁ፤ ወዲያው ሰውነታቸው ደርቆ ተንፈራገጡ። መቶ አለቃ፣ የጅብ መርዝ የበላ ውሻ ሲሞት አይቻለሁ። ልክ እንደዚያ ናቸው።»

ዓሊዬ ከጥግ ቁጭ ብሎ የውጩን ጩኸት ያዳምጣል።

«ኩባያው የማን ነው?»

«ከሱቄ ያመጣሁላቸው ነው። ለሰሌዳ ማጠቢያ የማሰሮውን ውሃ በየማለዳው የምቀዳውም እኔ ነኝ።» ደረቅ ሳቅ አመለጠው። «እኔ ራሴ ዳኛ ብሆን እኔን አስር ነበር። መቶ አለቃ፣ ባለቤቴ ሀሊማ ልጆቹን ይዛ ከሱቁ ጓዳ ተደብቃለች። እኔን የፈለጉትን ያድርጉኝ፤ ወደዚያ እንዳይሄዱ ብቻ።»

ጓንጉል ልቡ ተነካ፤ ግን አላሳየም። ወደ አሥራተ ማርያም ዞረ። ሰውየው ከልጅነቱ ጀምሮ በቅኔ ቤት ያደገ፣ ንግግሩም አካሄዱም የረጋ ነው።

«ሲጠጡ አይቻለሁ» አለ አሥራተ። «ጉሮሯቸው ሲውጥ፣ ውሃው በአገጫቸው ሲወርድ አይቻለሁ። ላነሣቸው ስሮጥ እግሬ ማሰሮውን ባይገለብጠው ውሃውን ትመረምሩት ነበር።»

«ምን ያድርጉ፣ ድንጋጤ ነው» አለ ጓንጉል። ጎንበስ ብሎ ኩባያውን አነሣ። መምህሩ የጠመኔ ስብርባሪ ያስቀምጡበት ኖሯል፤ ውስጡ ነጭ ዱቄት ለብሷል። እፍ ሲልበት ቦነነ። ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ቀጥሎ ያስጠራው መምህሩን ያከራዩትን ወይዘሮ ወለተ ሐናን ነው። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ነው። መጀመሪያ በአገሬው ቋንቋ በኽምጣና አለቀሱ፤ ኋላ በአማርኛ ቀጠሉ።

«ከትናንት ማታ ወዲህ እህል ውሃ ባፉ አልዞረም፣ ልጄ! እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው! ለሆዱ ሕመም ጸበሉን ጠጥቶ ወጣ፤ በዚያው ቀረ።»

«ዛሬ ማለዳ ነው ጸበል የጠጡት?»

«ባዶ ሆድ አይደል የሚጠጣው? ትርፉን እኔም ለጉልበቴ ልቅመስ ብዬ ብፈልግ ጠርሙሱ የለም። ተወስዷል።»

«ማን ወሰደው፣ እማማ?»

ወለተ ሐና ስሙን በጆሮው ነገሩት። ጓንጉል አንድ ፖሊስ ጠርቶ በሹክሹክታ አዘዘውና ላከው። ከዚያም ከሕዝቡ መካከል ሁለት ሽማግሌዎች አስገብቶ ሁሉንም ክፍሉ ውስጥ አስቀመጠ።

«የመምህሩን ትምህርት እንጨርሰው» አለ። ኩባያውን አንሥቶ በተሰባበረ አነጋገር «አይ አም ድሪንኪንግ ዋተር» አለና አፉ ላይ አደረገው። «ምን አያችሁ?»

«ጠጡ» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

ጓንጉል ኩባያውን ገለበጠው። የጠመኔ ዱቄት ጫማው ላይ ረገፈ።

«ባዶ ነው። ማለዳም ባዶ ነበር። ውሃ ገብቶበት ቢሆን ይህ ዱቄት ሊጥ ሆኖ ይጣበቅ ነበር። መምህሩ የሚናገሩትን ሁሉ እየሠሩ ስለሚያሳዩ የጠጡ መሰላችሁ። ጾመኛ ናቸው፤ ለማሳየት ብቻ ነው ያነሡት። እናትነሽ ያየችውን ብቻ ነገረችኝ። አቶ አሥራተ ግን ያልነበረ ውሃ በአገጭ ሲወርድ አዩ።»

«ደንግጬ ነው» አለ አሥራተ።

«ይሁን። ግን እርስዎ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነዎት። መምህርዎ በሁዳዴ ማለዳ ጾም ሲገድፉ አይተው ቢሆን መጀመሪያ የሚነግሩኝ እሱን አልነበረም? አልደነቀዎትም፤ ምክንያቱም አላዩም።»

የውጩ ጩኸት ይበልጥ ተሰማ።

«ታዲያ ምን ገደላቸው?» አለች እናትነሽ።

«ጾመኛ በማለዳ የሚጠጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጸበል። መረረኝ ብሎም የሚተፋው የለም። መርዙ ከቤታቸው አብሯቸው መጣ፤ ኩባያው እጃቸው ላይ ሳለ መጣሉ አጋጣሚ ነው። ገዳዩ ግን አጋጣሚውን አላባከነም፤ ማሰሮውን ገለበጠና በዓሊዬ ላይ አላከከ። እማማ፣ ጸበሉን ያመጣው፣ ጠርሙሱንም መልሶ የወሰደው ማን ነው?»

ወለተ ሐና ጣታቸውን ቀሰሩ። «እሱ! አሥራተ! ትናንት አምጥቶ ዛሬ ከትምህርቱ በፊት ይዞት ሄደ!»

የተላከው ፖሊስ በሩን አንኳኩቶ ገባ፤ በእጁ ግማሽ ድረስ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ይዟል። ከጽሕፈት ቤቱ ሣጥን ውስጥ፣ ለጅብ ማጥፊያ ከመጣው መርዝ ጎን ነው ያገኘው። ሣጥኑ ደግሞ በአሥራተ እጅ እንጂ በሌላ ሰው እጅ ተከፍቶ አያውቅም። ጓንጉል ጠርሙሱን ተቀብሎ ዘረጋለት።

«ቅመሰውና በነጻ ሂድ።»

አሥራተ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ጀርባው ሰሌዳውን መታ። የረጋው ፊቱ ተበታተነ።

«የግዕዝ ግስ ሳወርድ ያደግሁ እኔ!» ብሎ ጮኸ። «ደንቡን ከሁሉም በፊት የምነግራቸው እኔ! ጨው ሲመዝን የሚውል ሰው በለጠህ ተባልኩ፤ በሰው ፊት!»

«ዓሊዬ ሲናገር ስለሠራ ነው የበለጠህ» አለ ጓንጉል በቁጣ። «እሱም በድንጋይ ሲያልቅ ልታይ ነበር። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ከዚህ እስከ ጽሕፈት ቤቱ ስንት ገደል አለ። ደፍተህ ብትጥለው ኖሮ በምን እይዝህ ነበር? ለምን አላፈሰስከውም?»

አሥራተ ማርያም ጥያቄው ራሱ እንዳስቀየመው ቀና አለ።

«ጸበል እኮ ነው! እግር የሚረግጠው ቦታ ይፈስሳል?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ጓንጉል ፖሊሱን እንዲያስረው በዓይኑ አዘዘ።

በሩ ሲከፈት ሕዝቡ ዓሊዬን አይቶ ተንጋጋ። ዓሊዬ ደፉ ላይ ደርሶ ቆመ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን እያነሡ «ገዳዩ እሱ አይደለም!» ብለው ቢጮኹም የሚሰማቸው የለም። ያን ጊዜ ወለተ ሐና ከኋላው ወጥተው ፊቱ ቆሙ።

«ማለዳ የመጀመሪያውን ድንጋይ ያነሣሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉት። «አሁን ከኋላዬ ና። የሚወረውር ካለ እኔን ይምታ።»

ነጠላቸውን አደግድገው በሕዝቡ መካከል መራመድ ጀመሩ፤ ዓሊዬም ተከተላቸው። ሀሊማ የሱቁን በር እስክትከፍት ድረስ አንድም ድንጋይ አልተወረወረም።