በሴርዋ እግር ሥር የተበተነው ነጭ አፈር

በአሻንቲዎች አገር፣ በኩማሲ ከተማ፣ በሱዋሜ የመኪና ጥገና ሰፈር፣ አዶማኮን የሚያህል መካኒክ ዓለም ከተፈጠረች ጀምሮ አልተወለደም! የሞተ የካሚዮን ሞተር በስሙ ጠርቶ ያስነሳ ነበር ብል የሚከራከረኝ ይምጣ። ሚስቱ ሴርዋ ስታልፍማ ገበያው ሁሉ ሚዛኑን ይረሳ ነበር። ምን ዋጋ አለው! ይህ የብረት ሐኪም፣ አልጋ ላይ የገዛ አካሉ አልታዘዝም ቢለው ጊዜ፣ ጭልፊት እንዳየች ጫጩት ተርበደበደ። ስንፈተ ወሲብ እንደማንኛውም ሕመም ሐኪም አለው፣ መድኃኒት አለው፤ ግን ወንድ የተባለ ፍጡር መቼ ሰምቶ ያውቃል? ሴርዋ ግን ውሃ ጥሙ አልቆርጥ ማለቱንም፣ መክሳቱንም አይታ ነበር።

«እባክህ ጤና ጣቢያ እንሂድ። ነርሷ ይሄ ነገር አንዳንዴ የስኳር በሽታ ምልክት ነው ብላኛለች።»

«ለነርስ ነገርሽ? ወንድነቴን አደባባይ አሰጣሽው?»

«ስምህን እኮ አላነሳሁም...»

«ዝም በይ!»

በድምፅ ማጉያ እየጮኸ የሚዞር አንድ የመድኃኒት ሥር ሻጭ፣ «ይህን የጠጣ ሽማግሌ መንታ ወለደ!» ቢል አዶማኮ አመነው። የሞተር ዘይት እንኳ ሳያሸት የማይገዛ ሰው፣ ሥር የተዘፈዘፈበት፣ ከባልዲ የተቀዳ መራራ አረቄ ሳያሸት ጨለጠ! አካሉ እምቢ ባለ ቁጥር ንዴቱን በሴርዋ ላይ ተወጣ፤ የሠራችውን ፉፉ ሳይቀምስ መለሰ። በእኛ አገር ባል የሚስቱን ምግብ መለሰ ማለት ሰፈሩ ሁሉ ጠቡን ሰማ ማለት ነው። በመጨረሻም የሁለቱን ወገን ሽማግሌዎች ሰበሰበ። ፍቺ የፈለገ ምክንያቱን ይጠየቃል። እውነቱን ይናገር? ሞት ይሻለዋል! «ከሌላ ወንድ ጋር ትሄዳለች» አለ... ዋሸ!

ሴርዋ አፏን ከፈተች። አንድ ቃል ብትተነፍስ ትረታው ነበር። የባሏን ገመና አደባባይ ከማውጣት ግን የራሷን ስም መቅበር መረጠች። አዶማኮ ነጭ አፈር ዘግኖ ከእግሯ ሥር በተነ፤ በአሻንቲ ወግ ትዳር በዚህ ያበቃል። እናቷ «አመንዝራ አልወለድኩም» ብላ በሯን ዘጋችባት፤ እንደዘጋችባትም ሞተች። በለቅሶው ላይ ሴርዋን ከዘመድ ተርታ አላስቀመጧትም፤ እናቷን ከአጥር ውጭ ቆማ አለቀሰች... ይህን አይቶ የማያነባ ዓይን የድንጋይ ነው!

ሥሩ ስኳሩን መች ነክቶት! በአዶማኮ እግር ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልድን ብላ እግሩን በላችው። ሐኪሞች ቆረጡት፤ የቁስሉ መርዝ ግን ቀድሞ ደሙ ውስጥ ገብቶ ነበር። አንዷ ሐኪም፣ «ያኔ መጥተህ ቢሆን ስኳሩን እንቆጣጠረው ነበር፤ ለአልጋውም ጉዳይ ኪኒን ነበረው» ስትለው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከዚያ ሴርዋንና ሽማግሌዎቹን አስጠራ።

«ሴርዋ ንጹሕ ናት። ያልቻልኩት... እኔ ነበርኩ። አፍሬ ዋሸሁ።»

ፍቺውን የዳኙት ሽማግሌ ናና አምፖንሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አይዞህ ልጄ... እኔም እኮ ካልቻልኩ ቆየሁ።»

«ምኑን ናና?» አለች ሴርዋ።

«እሱኑ ነዋ።»

«እኔም ብሆን» አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ፣ ጫማቸውን እያዩ። «ያን ዕለት ሲያወራ ነገሩ ገብቶኝ ነበር።»

«ገብቷችሁ ነው አፈሩ ሲበተንብኝ ያያችሁት?»

ሲፈርዱ የነጎዱት ሽማግሌዎች፣ ቅቤ እንደሰረቀ ድመት ወደ በሩ አፈገፈጉ። አዶማኮ እጁን ዘረጋ።

«ይቅር በይኝ።»

ሴርዋ አልጋው ጫፍ ተቀምጣ ላቡን በልብሷ ጫፍ ጠረገችለት። «እኔ ይቅር ብዬሃለሁ። እናቴን ግን አንተው ለምናት። ቀድመኸኝ ታገኛታለህ።»

እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እጁ በእጇ ውስጥ እንዳለ ቀዘቀዘ።

ሰው «ዕጣ ፈንታው ነው» ይላል። ዕጣ ምን በወጣው! ጤና ጣቢያው ከጋራዡ ቢጣሩ የሚሰማ ቅርብ ነበር። ይልቅ ቀብሩ ላይ እነ ናና አምፖንሳ ደረታቸውን እየደቁ «ወንድ ነበር! ወንድ!» ብለው ሲያለቅሱ ብታዩ... ሁሉም ለወንድነቱ ነበር የሚያለቅሰው። ለሰውዬው ያለቀሰች ሴርዋ ብቻ ናት።