ከባዶው ቅርጫት ሥር

እስቲ አንቺ ልጅ፣ አንተም ልጄ፣ ጠጋ በሉልኝ። ስልካችሁ ላይ «ተቀምጧል» የሚል ጽሑፍ ሲመጣላችሁ እፎይ ብላችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ተቀመጠ ያላችሁትን ነገር ግን ማን ከፍቶ ያየዋል? ዩስቲናም እንደ እናንተው ነበረች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ግብፅ ውስጥ፣ ማላዊ በምትባል ከተማ፣ ያ የታኅሣሥ ነፋስ ከአባይ በኩል ይነፍሳል። ዩስቲና የቤተክርስቲያኑን የግቢ በር ገፋ አድርጋ ስትገባ፣ የክፍል ጓደኛዋ ፊሎባቲር የአገልግሎት ክፍሉ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይበላል።

«ዩስቲና፣ እንዳትቆጪ» አላት ገና ሳትደርስ።

«ምን ሰበርክ?»

«አልሰበርኩም። አጠፋሁ።»

«ምን አጠፋህ?»

«ሰርቨሩ ሞልቷል፣ ቦታ የለም አለኝ። የዛሬው ልምምድ ማታ ሲቀዳ የሚገባበት ላስለቅቅ ፈልጌ... ‹ዋኒስ አንድ› እና ‹ዋኒስ ሁለት› የሚሉ ፎልደሮች አየሁ። ሁለተኛው የመጀመሪያው ግልባጭ መሰለኝ። ጠረግኩት።»

ዩስቲና ሳቀች። ፊሎ ግራ ገብቶት አያት።

«ምን ያስቅሻል? እኔ እዚህ ነፍሴ ልትወጣ ነው!»

«አታካብድ ባክህ። መጠባበቂያ ቅጂ የሚባል ነገር የተፈጠረው እኮ ላንተ ዓይነቱ ነው። ና ግባ።»

ሰርቨር ስላልኩ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። የዩስቲና ወንድም ካይሮ ለትምህርት ሲሄድ ትቶት የሄደው አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ሊኑክስ የሚባል፣ ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም ጭና፣ ከአገልግሎት ክፍሉ ጥግ፣ ከቤተልሔሙ ግድግዳ ጋር አስጠግታ አስቀመጠችው። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች መዝሙር የሚያወጡት ከሱ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የሙዓሊም ዋኒስ ድምፅ ያለው እሱ ላይ ነው።

ሙዓሊም ዋኒስ የዜማ መምህራቸው ናቸው። ዓይናቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ አያይም፤ ዜማውን ሁሉ ግን በጆሯቸው ተቀብለው በልባቸው ይዘውታል። የስቅለቱን ዜማ እሳቸው እንደሚሉት አድርጎ የሚለው ሰው በዚያ አካባቢ የለም። በሙቀቱ ወራት ጉሮሯቸውን ታመው ኦፕራሲዮን ሆኑ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰውየው ተረፉ። ድምፃቸው ግን አልተመለሰም፤ አሁን በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት። እሳቸው ሐኪም ቤት ከመግባታቸው በፊት ልጆቹ አስቀምጠዋቸው የሚያውቁትን ዜማ ሁሉ ቀድተው ነበር። የቀዱበት ስልክ ሲሞላ ወደ ሰርቨሩ አዛወሩትና ከስልኩ አጠፉት። እንግዲህ ያ ድምፅ ሌላ ቦታ የለም።

ለዚህ ነው ዩስቲና ጾሙ ሲገባ የራሱ የመብራት ሽቦ ያለው አንድ ጥቁር ሃርድ ዲስክ አስገዝታ፣ ሁሉንም ነገር በየቀኑ እየገለበጠ ዲስኩ ላይ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም የጫነችው። መጀመሪያ ላይ አሳሯን አሳያት። አንዴ «ፈቃድ የለሽም» ይላታል፣ አንዴ ፎልደሩን አላገኘሁትም ይላታል። ወንድሟን በስልክ ስታሰቃየው ሰነበተች። በመጨረሻ ሠራ። ሰው የማይኖርበት ሰዓት ይሁን ብላ ንጋት ላይ እንዲገለብጥ አዘዘችው። ዩስቲና ራሷ ከአልጋ የምትወርደው የትምህርት ቤቱ ደወል ሊደወል ሲል ስለሆነ፣ ንጋት ላይ ዓለም ሁሉ የተኛ ነው የሚመስላት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ስልኳ ላይ «ቅጂው ተሳክቷል» የሚል መልእክት ይመጣላታል።

አንድ ቀን ታዲያ የቤተክርስቲያኑ ቄስ አቡና ቢሞን ጠየቋት። «ከተቀመጠው ውስጥ አንዱን መልሰሽ አውጥተሽ አይተሻል የኔ ልጅ?»

«አዎ አቡና፣ ሞክሬዋለሁ» አለች።

አልሞከረችውም። ልትሞክረው አስባ ነበር፤ የሒሳብ ፈተና መጣባት። ደግሞ መልእክቱ በየጠዋቱ ተሳክቷል ይል የለ? አቡና ደስ ብሏቸው በጉባኤው ፊት አስጨበጨቡላት። እሷም ረሳችው።

አሁን ወንበሩን ስባ ተቀመጠችና ዲስኩን ከፈተች።

ባዶ ነው።

ዘጋችና እንደገና ከፈተች። ያው ባዶ።

«ሌላ ቦታ ይሆናላ» አለ ፊሎ ከኋላዋ።

«ሌላ ቦታ የለም፣ ፊሎ።» ድምጿ ተቀየረ።

«በድንግል! ዛሬ እኮ ሙዓሊም የስቅለቱን ሊያስጠኑን ነው። ከሠርክ ጸሎት በኋላ። ‹ከራሴ ጋር ሆኜ አስተምራችኋለሁ› ብለው ሲቀልዱ አልሰማሽም? የስቅለቱ ደግሞ ያለው ያጠፋሁት ሁለተኛው ውስጥ ነው።»

ሰምታለች። በዱላቸው ወለሉን መታ መታ እያደረጉ፣ የገዛ ድምፃቸውን ከማሽኑ እየሰሙ ልጆቹን ሲያርሙ ምን ያህል ደስ እንደሚላቸውም ታውቃለች።

«ዝም በል እስቲ ላስብ» አለች። መልእክቶቹን አየች። የዛሬ ጠዋቱም ተሳክቷል ይላል። «ፕሮግራሙ አንድ ቦታ ጽፏል። ባይጽፍ ኖሮ ይጮህ ነበር።»

«እና የት ጻፈው? አየር ላይ?»

«ሰርቨሩ ሞልቷል አላልክም?»

«አዎ።»

ያለውን ሁሉ ደመረች። መዝሙሩ፣ ፎቶው፣ የድራማው ቪዲዮ ተደምሮ የሰርቨሩን ግማሽ እንኳን አይሞላም። ማሽኑ ግን ፊሎ ከጠረገውም በኋላ ጢም ብዬ ልሞላ ነው ይላል። ግማሹን ማን በላው? ፈለገች፣ ፈለገች፣ የሚታይ ነገር የለም። ጭንቅላቷ ሲዞርባት ተነሥታ ወጣች። ፊሎም ተከተላት።

ቤተልሔሙ በሩ ክፍት ነው። ልጆቹ «አሞ»፣ አጎት፣ የሚሏቸው አሞ ብሻይ፣ የመሥዋዕቱን ኅብስት የሚጋግሩት፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው የሊጥ ማቡኪያውን ማሽን ያጥባሉ። ሲሠሩ መዝሙረ ዳዊት ከአፋቸው አይለይም፤ አሁንም እያጉተመተሙ ነው።

«ምነው ኢንጂነሯ፣ ፊትሽ የጾም ምስር መሰለ?»

«ምንም አይደል አሞ ብሻይ።»

«ከጠዋቱ የተረፈ ኅብስት የለም?» አለ ፊሎ። በጭንቁም መሀል ሆዱን አይረሳም።

«አለቀ። ይኸው» አሉና የቅርጫቱን ክዳን ገለጥ አደረጉለት። ባዶ ነው።

«አሞ፣ በማርያም!»

ሽማግሌው ወደ በሩ አየት አደረጉ፤ ትንንሾቹ ልጆች እንዳልመጡ አረጋገጡና ባዶውን ቅርጫት ብድግ አደረጉት። ሥሩ ሌላ ቅርጫት አለ፤ እስከ አፉ በኅብስት የተሞላ።

«ባዶውን ከላይ ካልደረብኩበት እነዚያ አንበጦች ለድሆቹ አንድ አያስቀሩልኝም። እንካ፣ አንድ ብቻ። አንቺም።»

ዩስቲና ኅብስቱን አልተቀበለችም። ቅርጫቱን ትኩር ብላ እያየች ቀረች።

«አሞ ብሻይ» አለች ቀስ ብላ፣ «ይሄ የሊጥ ማሽን መብራት የሚያገኘው ከየት ነው?»

«ከናንተ ክፍል ነዋ። የኔ ሶኬት ከተቃጠለ ስንት ጊዜው። የዚያችን ጥቁር ሳጥን ሽቦ ነቅዬ የኔን እሰካለሁ፣ አቡክቼ ስጨርስ ያንቺን እመልሳለሁ። በደንብ አድርጌ ነው የምመልሰው፤ አማትቤ ነው የምሰካው።»

«መቼ?»

«ንጋት ላይ ነዋ። በጾም ቅዳሴ በየቀኑ አይደለም እንዴ? አንቺ መቼ ነቅተሽ ታውቂዋለሽ!»

ፊሎ ኅብስቱ አፉ ውስጥ እንዳለ ሳቀ። ዩስቲና ግን ሮጣለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊኑክስ ላይ ዲስክ የሚያያዘው አንድ ፎልደር ላይ ነው። ዲስኩ ሲሰካ ያንን ፎልደር ይሸፍነዋል፤ ስትከፍቱት የምታዩት የዲስኩን ሆድ ነው። ዲስኩ ሲነቀል ግን ፎልደሩ የሰርቨሩ የራሱ ሆኖ ይቀራል። አሞ ብሻይ ንጋት ላይ ሲነቅሉት ፕሮግራሙ ምኑን ያውቃል? እዛው ሰርቨሩ ላይ ይጽፋል፣ ተሳክቷል ይላል። ሽቦው ሲመለስ ደግሞ ባዶው ዲስክ ራሱ ተያይዞ ሞልቶ በተቀመጠው ላይ ይደረባል።

«ዲስኩን ላላቅቀው ነው» አለች ወንበሩ ላይ እየተወረወረች።

«ምን? ያለችንን አንዲት ነገር ልትነቅይ?» ፊሎ እጇን ያዘ። «ዩስቲና፣ እኔ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ፣ ሁለተኛውን አንቺ አትጨምሪ።»

«ባዶውን ቅርጫት ነው የማነሣው። ልቀቀኝ።»

ለቀቃት። ትእዛዙን ጻፈች፣ ስሙን ደግማ አነበበች፣ አማተበችና ተጫነችው። ከዚያ ያንኑ ፎልደር ከፈተች።

ሞልቷል። የየጠዋቱ ቅጂ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። የዛሬው ውስጥ ገባች። ‹ዋኒስ ሁለት› አለ።

«ክፈቺው፣ ክፈቺው» አለ ፊሎ፤ ትንፋሹ አንገቷ ላይ ነው። «ስሙ ብቻ እንዳይሆን።»

በዚህ ጊዜ ዩስቲና ተሳክቷል የሚለውን አላመነችም። መልሳ ቦታው ገለበጠችው፣ የስቅለቱን ዜማ ፈለገች፣ ከፈተች።

መጀመሪያ ሳል ተሰማ። ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፤ ሰፊ፣ የማይቸኩል፣ አንዲቱን ቃል ይዞ ዳገቱን የሚወጣ የሚወርድ። ክፍሉን ሞላው። ፊሎ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን በክርኑ ጠረገ፤ ዩስቲና ደግሞ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አታውቀውም።

በሩ ላይ ዱላ ኳ ኳ አለ። ሙዓሊም ዋኒስ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆመዋል።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?» አሉ በዚያች ሹክሹክታቸው። «ጎበዝ ነው። ግን ሦስተኛዋ ስንኝ ላይ ትንሽ ይቸኩላል። ሳገኘው እነግረዋለሁ።»

ልጆቹ ፈንድተው ሳቁ። ፊሎ ተነሥቶ እጃቸውን ሳመ፤ ሁለት ጊዜ ሳመ።

«ምነው አንተ፣ ዛሬ ፍቅር በዛብህ? ምን አጥፍተህ ነው?»

«ምንም ሙዓሊም። ናፍቀውኝ ነው።»

«ትናንት ማታ አብረን ነበርን እኮ።»

እሳቸው ወንበራቸውን ይዘው ልጆቹ እየተሰበሰቡ ሳለ፣ ዩስቲና ሥራዋን ቀጠለች። ዲስኩን ሌላ ሶኬት ላይ ሰካች። የሰዓቱን ነገር ወደ ቀትር አዞረችው። ፕሮግራሙንም ዲስኩ ከሌለ ምንም እንዳይጽፍ፣ ይልቁንም እንዲጮህ አዘዘችው። ከዚያ እውነተኛውን ቅጂ ዲስኩ ላይ አሳረፈችና አንዱን ከፍታ ሰማችው። አሞ ብሻይም መጥተው በር ላይ ቆመው፣ «እኔን የሚያሳጣ ነገር አልተገኘም አይደል?» ብለው ሄዱ።

አቡና ቢሞን ብቅ አሉ። ፂማቸው ውስጥ ፈገግታ አለ።

«ዩስቲና፣ ደስ የሚል ወሬ ይዤልሽ መጣሁ። ለመንበረ ጵጵስናው ስላንቺ ነግሬያቸው ነበር፤ ‹ቅጂ ማስቀመጥ ብቻ አይደለም፣ መልሳ አውጥታ ሞክራ ያረጋገጠች ልጅ አለችን› ብዬ። ከልደት በኋላ ለሌሎቹም አብያተ ክርስቲያናት እንድትሠሪላቸው ይፈልጋሉ። አሁን ደውዬ እሺ ብላለች ልበላቸው?»

ልቧ ከደስታ ዘለለ፤ ወዲያው ተመልሶ ቁጭ አለ።

አቡና ስልካቸውን አውጥተው መነጽራቸውን እየፈለጉ ወደ ግቢው ወጡ። ፊሎ በክርኑ ጎሰም አደረጋት።

«ስሚ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አለቀ እኮ። ተገኘ። አሁን ሞክረሽዋል አይደል? ሞክሬዋለሁ ስትዪ ትንሽ ቀድመሽ ነበር፣ በቃ። ማን ያውቃል?»

እውነቱን ነው፤ ማንም አያውቅም። ዩስቲና ዲስኩን አየችው። ትንሿ መብራቱ ብልጭ ድርግም ትላለች። ልክ ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም፣ ባዶውን ሆኖ ብልጭ ድርግም ይል እንደነበረው።

«ልምምዱን አስጀምርላቸው» አለችው። «የምትጫነው ሦስት ማዕዘኗን ነው፤ የቆሻሻ ቅርጫቷን እንዳትነካ።»

«የት ልትሄጂ ነው? ዩስቲና! አብደሻል?»

«ልታብድ ነው ብለህ ለሙዓሊም ንገራቸው።»

ከኋላዋ ዜማው ጀመረ፤ የዱላውም ምት ወለሉ ላይ ተከተለ። አቡና ቢሞን የብርቱካኑ ዛፍ ሥር ቆመው ስልኩን ከዓይናቸው እያራቁ ቁጥሩን ይፈልጋሉ። ዩስቲና ፊታቸው ሄዳ ቆመች። እጇን ከኪሷ አወጣች፣ መልሳ ከተተች፣ አወጣች።

«አቡና» አለች፣ «ከመደወልዎ በፊት... ያን ቀን ሞክሬዋለሁ ያልኩዎት ነገር አለ።»

አቡና ስልኩን ዝቅ አደረጉ። «እሺ የኔ ልጅ» አሉና የዛፉ ሥር ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጎናቸውን መታ መታ አደረጉላት።

እሷም ተቀመጠች።

እናንተ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ብቻ ላስቸግራችሁ፦ ዛሬ፣ ከመተኛታችሁ በፊት፣ «ተቀምጧል» ካላችሁት ነገር አንዱን ክፈቱና እስከ መጨረሻው እዩልኝ።