አቤት ያለው አልጋ ወራሽ

እሳቱን ተዉት፣ ይደብዝዝ። ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺ፣ ሹክሹክታሽን ተይና ስሚ፤ ሁለቴ አላወራም።

ድሮ ነው። ከባሕር ማዶ፣ ብሪታንያ በምትባል ደሴት፣ ጭጋግ የማይለቃት አንዲት መንደር ነበረች። ስሟን አትጠይቁኝ፣ አላውቀውም። ሰዓቱ ልክ እንዳሁኑ ሰው ሁሉ በሩን የዘጋበት ነው። በቅርቡ ከሞተው ንጉሥ መቃብር ወደ ቤተ መንግሥቱ ግቢ የሚወስደው መንገድ ጭር ብሏል። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። ማን ይመስላችኋል? ታልሪክ ነው፣ የሟቹ ንጉሥ ሁለተኛ ልጅ።

ለምን ብቻውን? ወጉ ነዋ! አልጋ ወራሹ ዘውድ ከመጫኑ በፊት፣ ሌሊቱን ከአባቱ መቃብር እስከ ግቢው በር ብቻውን ይሄዳል። መንገድ ላይ ማንም ቢጠራው "አቤት" አይልም። ንጉሥ ለማን ብሎ? አቤት ካለ ጌታ አለው፤ ጌታ ያለው ደግሞ አይነግሥም። ዘውድ ጠባቂው ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሞ ያዳምጣል።

አልጋው ግን የታልሪክ አልነበረም። የታላቁ፣ የኬንዋን ነበር። ኬንዋን የት ሄደ? ወንዝ ውስጥ። ፈረስ ጣለው ተባለ። ውሸት! ጭንቅላቱን ውኃ ውስጥ ደፍቆ የቆየው ታልሪክ ነው። ከዚያ ወዲህ አላለቀሰም፣ አልተደሰተምም። ቢቆነጥጡት እንኳ አይሰማውም ነበር። የሚፈልገው ዘውዱን ብቻ ነው።

እና ይሄዳል። ከኋላው ሣሩ ኮሽ አለ። ዞር አላለም። ይሄዳል። የረጠበ ፈረስ ሸተተው። ዞር አላለም። ይሄዳል። ጠብ፣ ጠብ የሚል ውኃ ሰማ። ዝናብ ግን የለም። እናንተ ብትሆኑ አትሮጡም ነበር? እሱ አልሮጠም። ፍርሃቱም ደንዝዞ ነበር።

በሩ አጠገብ ደረሰ። የሽማግሌው ችቦ ታየው። ያኔ ከጆሮው ሥር አንድ ድምፅ ጠራው።

"ታሌ!"

እንደዚያ ብሎ የሚጠራው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ልጅ ሳሉ፣ ሲመሽ ወደ ቤት የሚጠራው ኬንዋን ነበር። ታላቅ ሲጠራ ታናሽ ምን ይላል? እናንተስ ምን ትላላችሁ? ከአፉ አመለጠው።

"አቤት!"

ሽማግሌው ችቦውን ከፍ አደረገ። "ጌታዬ፣ ለማን ነው አቤት ያሉት?"

መዋሸት ይችል ነበር። ደከመው መሰለኝ።

"ለኬንዋን።"

"ኬንዋን እኮ ሞተዋል!"

"አዎ። እኔ ነኝ የገደልኩት።" ምሳውን ምን እንደበላ የተጠየቀ ሰው ይመስል ነበር፣ ሲናገር።

ሽማግሌው አለቀሰ። ኬንዋንን በእቅፉ ነው ያሳደገው። ከዚያ፣ "ከበሩ ዞር በል፤ ንጉሡ ኬንዋን ይግቡ" አለው። እርስዎ ማለቱን ተወ፣ ልብ በሉ። ዘውዱንም ወስዶ ባዶው ዙፋን ላይ አኖረው። ሲነጋ ገብተው ቢያዩ ዙፋኑ በውኃ ርሷል፤ ዘውዱ የለም።

ታልሪክን አልገደሉትም። ማንም ሳይጠራው፣ ማታ ማታ "አቤት... አቤት..." እያለ አረጀ።

ስለዚህ በጨለማ ብቻችሁን አትሂዱ። ስማችሁን የሚጠራ ብትሰሙም ዝም በሉ። እሺ?

ምን አልክ አንተ፣ በሩ ሥር የተቀመጥከው? "አቤት"?

ኧረ በእመቤቴ! እኔ እኮ አልጠራሁህም።