ያልበሰለ ውጤት

ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በሚታከሙበት ክፍል መጀመሪያ ያየችው ጀርባውን ነው። ተንበርክኮ የመተንፈሻ መሣሪያ ይጠግናል። እሷ ደግሞ የአንዳንዶቹ ሳንባ ሲድን የሌሎቹ ለምን እንደሚጎዳ በዘረመላቸው ውስጥ የምትፈልግ ተመራማሪ ናት። የደም ናሙና ልትወስድ ስትጣደፍ እግሩን ረገጠችው።

«ኧረ ቀስ! ይሄ እግር እኮ በሰባት ወሩ ቸኩሎ የመጣ ነው» አላት።

ሳቀች። ከዚያ በኋላማ ናሙና የምትወስድበት ቀን ሲደርስ መስታወት ፊት ትቆይ ጀመር። እሱም ያልተበላሸ መሣሪያ ይፈታታል። ነርሶቹ ሁሉ ያወቁትን፣ ሁለቱ ብቻ የደበቁ ይመስላቸው ነበር።

ሊጋቡ ተስማሙ። በዚያው ሰሞን እንደ እሱ ያለጊዜያቸው ተወልደው ያደጉ ሰዎችን ደም ስታሰባስብ፣ እሱም ክንዱን ዘረጋላት። ውጤቱ ሲመጣ፣ በታመሙት ሕፃናት ላይ ያገኘችው የዘረመል ምልክት እሱም ላይ ቁጭ ብሏል።

አለቃዋ «በጥቂት ሕፃናት ላይ የታየ ነገር ነው፤ በብዙ ሳይረጋገጥ ለማንም እንዳትተነፍሺ» ብሏት ነበር። ምን ያደርጋል! የራሷ ግኝት ነውና ተመካችበት። ነገረችው።

«እኔ ተርፌያለሁ፤ መንትያዬ ግን አልተረፈም» አለ። «ለልጄም ይተላለፋል?»

«ሊተላለፍ ይችላል።»

«እና ልጄ ትንፋሽ ሲያጥረው ቆሜ ልየው? አልችልም የኔ ፍቅር። አንቺ ልጅ ትወጃለሽ፤ ሌላ ሰው ፈልጊ።»

ብትከራከረው የገዛ ሥራዋን ማጣጣል ሊሆንባት ነው። አለቀሰች ብቻ። እሱ በሩ ጋ ጥቂት ቆም ብሎ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ሆስፒታል ተዛወረ።

ከዓመታት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ተመርምረው፣ ምልክቱን ከሳንባ ሕመም ጋር ምንም እንደማያገናኘው ታወቀ። የዚያኑ ቀን ወደ ተዛወረበት ሆስፒታል ሄዳ፣ በተፈታቱ መሣሪያዎች መሃል ከተቀመጠበት አገኘችው። ጣቱ ላይ ቀለበት አለ።

«ምንም አልነበረብህም» አለችው። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

መፍቻውን አስቀመጠ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

«ያገባኋት ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ልጆች ያሏት ሴት ናት። መውለድ እንደምፈራ ነግሬያታለሁ። ልጆቹ አባባ ይሉኛል፤ እወዳቸዋለሁም» አላት። መፍቻውን መልሶ እያነሳ ደግሞ፣ «ያን ዕለት እኮ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ‹እርግጠኛ አይደለሁም› ብትይኝ ኖሮ አልሄድም ነበር።»

ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

«እርግጠኛ እንዳልሆንኩ አውቅ ነበር» አለችው።