በማስተዋል ትከሻ ላይ ያለው እጅ

በመጀመሪያ ስለ እጅ ጽሑፌ ይቅርታ። ፊደሎቼ ይንጋደዳሉ፤ የትኛው «ሀ» የት እንደሚገባም ሁልጊዜ ይጠፋኛል። ስምንተኛን እንደ ምንም ጨርሼ ነው ትምህርት ያቆምኩት። እትዬ ሽታዬ፣ ያልገባሽ ቃል ካለ ዝለይው። ትናንት መብራት ሲጠፋ በረንዳው ላይ ተራ በተራ ስታወሩ የእኔ ተራ ደረሰና አፌ ተሳሰረ፤ ሁላችሁም ሳቃችሁ። ስለዚህ ጻፍኩት። ዛሬም መብራት ሲጠፋ በስልክሽ መብራት ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። እኔ በር ዘግቼ ከውስጥ እሰማለሁ። ትንንሾቹን አስጠጓቸው፤ እየበላ ያለም ካለ ይጨርስ።

አንድ ሰው ነበረ። ታረቀኝ ይባላል። አገሩ የት ነው? አትጠይቁኝ።

ሰዓቱ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። ጨረቃ የለችም። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ወደ ወንዝ የሚወርድ ቀጭን መንገድ አለ። የታረቀኝ ፎቶ ቤት የመንገዱ መጨረሻ ላይ ነው። ከእሱ በኋላ ቤት የለም። ከእሱ በኋላ ውሻ እንኳን የለም። ከእሱ በኋላ ምን አለ? ወንዙ አለ።

ለምን በማታ ይሠራል ትሉኝ ይሆናል። ቀን ቀን ወፍጮው ሲዞር የመብራቱ ኃይል ይደክምና ኮምፒውተሩ አይነሳም። ወፍጮው ሲዘጋ ነው የታረቀኝ ሥራ የሚጀምረው።

ታረቀኝ ሥራው ምንድን ነው? ሰው መቁረጥ ነው። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ሰው የስልኩን ፎቶ ይዞ ይመጣል፤ ወረቀቱ ግን የራሱ ልክ አለው። አሥር በአሥራ አምስት አለ፤ አሥራ ሦስት በአሥራ ስምንት አለ፤ ለግድግዳ የሚሆን ሃያ በሠላሳ አለ። የስልክ ፎቶ ወፈር ይላል፣ ሃያ በሠላሳው ቀጠን ይላል፤ አይገጥሙም። ካልገጠሙ ወይ ከጎን ይቆርጣል፣ ወይ እስኪሞላ ይስበዋል፣ ወይ ሙሉውን አስገብቶ ከላይና ከታች ነጭ ይተዋል። ታረቀኝ ነጭ አይተውም። «ነጭ ዳር የሰነፍ ሥራ ነው» ይላል። ስለዚህ ይቆርጣል።

ያን ቤት ብታዩት! ታረቀኝ ወረቀት የሚያነሳው ጣቱን ልሶ ነው። ጣቱ በቀለም ጠቁሯል፤ ምላሱም ጠቁሯል። ጠረጴዛው ሥር የተቆረጠ ሰው ተከምሯል። ግማሽ ጆሮ አለ። ክንድ አለ። ከሠርግ ፎቶ የወጣች አማት በአንድ ዓይኗ ወደ ላይ ታያለች። በረሮ በሰው ግንባር ላይ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እዚያ ቤት ይታያል። ክምሩ ሲበዛ ታረቀኝ በመጥረጊያ ጠርጎ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ይጨምረዋል። ፊት ወደ ላይ ሆኖ ይወድቃል። እሱ ምንም አይመስለውም።

ያን ምሽት ወይዘሮ ዘነቡ በሩን በርግዳ ገባች። ፎቶ በእጇ ይዛለች።

«አንተ ታረቀኝ! ይቺ የእኔ ልጅ ናት? ይቺ በቅሎ ናት!»

«ወረቀቱን እንድትሞላ ትንሽ ሳብኳት እኮ፣ እትዬ ዘነቡ።»

«የሞተ ሰው ይሳባል? ወንዝ የጎተታት አይበቃትም?»

ታረቀኝ ፎቶውን ተቀበላት። የዘነቡ ልጅ ማስተዋል አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ክረምት ላይ ወንዙ ሲሞላ ብቻዋን ልትሻገር ገባች ተባለ፤ ውሃው ወሰዳት። በሦስተኛው ቀን ከታች፣ ከሸንበቆው ሥር ተገኘች። እንዴት ሆና እንደተገኘች አልጽፈውም። የገነዟት ሴቶች ሳምንት ሙሉ ሥጋ አልቀመሱም።

«ስማኝ» አለች ዘነቡ። «ነገ አርባዋ ነው። ሠርግ ላይ አንድ ዘመድ በስልክ ካነሳት ከዚህ ሌላ ፎቶ የላትም። ድንኳኑ ውስጥ ምን ልሰቅል ነው? በቅሎ ልሰቅል?»

«እሠራታለሁ፤ ጠዋት ትደርስልሻለች።»

«ደግሞ ይኼ ትከሻዋ ላይ ያለው እጅ የማነው?»

«እኔ ምን አውቄ? ሠርግ ላይ ስንት ልጃገረድ አለ።»

«ቁረጥልኝ። እንደ አልቅት ተለጥፎባታል፤ ሳየው ያቅለሸልሸኛል። ልጄ ብቻዋን ሄደች፤ ፎቶዋም ብቻዋን ይሁን።»

ዘነቡ ሄደች። ታረቀኝ ብቻውን ቀረ።

ፎቶውን ከፈተ። ማስተዋል ፊት ለፊት እያየች ትስቃለች። በግራ በኩል፣ ከፎቶው ዳር፣ የሰው ክንድ ገብቶ ትከሻዋን ይዟል። የክንዱ ባለቤት አይታይም። ታረቀኝ ከግራ ቆረጠ፣ እጁ ጠፋ። ለሃያ በሠላሳ አስተካከለና አተመ።

ወረቀቱ ወጣ። ታረቀኝ ጣቱን ልሶ አነሳው። እጁ የለም፤ ጥሩ። ግን ከታች፣ ከወረቀቱ ጠርዝ ላይ፣ አምስት ነጫጭ ነገሮች አሉ። ትል መሰሉት። በአውራ ጣቱ ጠረጋቸው። አልጠፉም። አውራ ጣቱ ግን ረጠበ። አሸተተው። ውሃ ውስጥ ከርሞ የበሰበሰ ጨርቅ ይሸታል።

ያንን ጣት ደግሞ እየላሰ ነው ወረቀት የሚያነሳው። አስቡት።

ምራቁን እንትፍ ብሎ ኮምፒውተሩን አየ። ኮምፒውተሩ ላይ ምንም የለም። ወረቀቱ ላይ ግን አለ። «ቀለሙ ነው» አለ። ቀለም ይሸታል እንዴ? አይሸትም። እሱ ግን «ቀለሙ ነው» አለና ከታች ቆርጦ ደግሞ አተመ።

ወረቀቱ ወጣ። አሁን ትል አይደሉም። ጣቶች ናቸው። ከታች ወደ ላይ ወጥተዋል። አብጠዋል። ቆዳቸው እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተነስቷል፤ ጥፍሮቹ ውስጥ ጭቃ አለ። በግራ በኩል የቆረጠው እጅም ተመልሶ ትከሻዋ ላይ ተቀምጧል!

ታረቀኝ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ሮጠ? አልሮጠም። ሥራውን የሚወድ ሰው ነው፤ ነገ ደግሞ አርባ ነው። ፊቷ ብቻ እስኪቀር ድረስ አቀረበው። ፎቶው ሲቀርብ ፊቷ እንደ ተበተነ ምስር ነጠብጣብ ብቻ ሆነ፣ ዓይኗ ፍርክርክ አለ። ግድ የለም፣ እጅ አይኑር እንጂ። አተመ።

ማተሚያው እንደሚያስታውክ ሰው ጓጎረ። ወረቀቱ ውሃ እያንጠባጠበ ወጣ። ጥቁር ውሃ። ያበጠው እጅ እስከ አንጓው ወጥቶ ትከሻዋ ላይ ያለውን እጅ ጨብጦታል። እንዴት አድርጎ ጨበጠው መሰላችሁ? የበሰበሰው ሥጋ በጣቶቹ መሀል እስኪወጣ ድረስ።

ታረቀኝ መቁረጫውን አነሳ። «በኮምፒውተር እምቢ ካልክ በብረት» አለና ስለቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። ወረቀት ሲቆረጥ ሸርተት ይላል አይደል? ይኼ ሸርተት አላለም። እንደ ጅማት ተለጠጠ። ከስለቱ ሥር ዝልግልግ ነገር ፈሰሰና እጁን ነካው። ታረቀኝ እዚያው ጠረጴዛው ላይ አስታወከ።

ቀና ሲል ኮምፒውተሩ ላይ ማስተዋልን አያት። አትስቅም። ፊት ለፊትም አታይም። ዓይኗ ወደ ግራ ዞሯል። እሱ ወደቆረጠው፣ ምንም ወደሌለበት ዳር ታያለች።

ከጠረጴዛው ሥር ክምሩ ኮሽ አለ። ከዚያ ከጆሮው ሥር፣ ውሃ በሞላው ጉሮሮ፣ አንድ ድምፅ፦

«አታለያየን።»

ታረቀኝ ጮኸ። ወፍጮ ቤቱ ድረስ ተሰማ ይባላል። የቆረጠውን ሁሉ መለሰው። ምንም ሳይቆርጥ፣ ምንም ሳይስብ፣ ሙሉውን ወረቀቱ ላይ አስገባው። ከላይ ነጭ፣ ከታች ነጭ። አተመ። ደረቅ ሆኖ ወጣ። ማስተዋል ትስቃለች፤ የሰው እጅ ትከሻዋን ይዟል፤ ያበጠው እጅ የለም። ፎቶውን በብብቱ ሸጉጦ፣ በሩን እንኳን ሳይዘጋ፣ ያን ጨለማ መንገድ በሩጫ ወጣው። ወደ ኋላ አልዞረም። እናንተ ብትሆኑ ትዞሩ ነበር?

ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ ዘነቡ ፎቶውን ተቀብላ ብዙ አየችው።

«እጁን አልቆረጥከውም።»

«አይቆረጥም፣ እትዬ ዘነቡ። በልጅሽ ይዤሻለሁ፣ አታስቆርጪኝ።»

ልትሰድበው ነው ብሎ አንገቱን ደፋ። እሷ ግን ያንን እጅ በጣቷ ዳሰሰችው። በአንድ ሌሊት ምን እንደለወጣት አላውቅም።

«እንኳን ተውከው» አለች። «ብቻዋን ሄደች እያልኩ ነው ያልተኛሁት። አንድ ቀን እንኳን የያዛት ሰው ነበራ።»

ከዚያ እየዞረች ልጃገረዶቹን ጠየቀች። «የማናችሁ እጅ ነው? ልሳመው።» ማንም አልመለሰም።

እስከዚህ ያለውን ታረቀኝ ራሱ ለአገሩ ሁሉ አውርቶታል። ዛሬ ጣቱን አይልስም፤ ፎቶም አይቆርጥም። በዚያ አገር እናቶች ሁሉ ለልጆቻቸው «ወደ ወንዝ ብቻሽን እንዳትወርጂ፤ ማስተዋል ብቻዋን ወርዳ ነው» ይላሉ። እኔም ትናንት ምላሴ ቢፈታ ኖሮ «ብቻችሁን አትሂዱ» ብዬ ጨርሼ እተኛ ነበር።

እትዬ ሽታዬ፣ ከዚህ በታች ያለውንም አንብቢው። ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊ። ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ማስተዋል ብቻዋን አልወረደችም። ሠርጉ ላይ ፎቶ መነሳት አፍሬ ስሸሽ እጄ ብቻ ቀረ፤ እጁ የእኔ ነው። ወንዙም ጋ አብረን ነበርን። ውሃው ሲያነሳት ያንኑ እጄን ያዘችኝ። እኔ ድንጋዩ ላይ ነበርኩ፤ ወደ ውሃው ልትጎትተኝ ሆነች። በሌላኛው እጄ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈለቀቅኳቸው። ትንሿ ጣቷ ናት እምቢ ያለችኝ።