«በፊት» የተባለው ሰው

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሶፋ ሠሪው ማን እንደሰደበው፣ የት ቆሞ እንደሰደበው፣ አንገቱ ላይ ምን ጣል አድርጎ እንደነበር ሳይቀር ያስታውሳል። ሰዳቢው የጂም ቤቱ ባለቤት ነው። ቀኑ ሰኞ ነው፤ ጠዋት፣ ዝናቡ ገና እንዳባራ። ሰውየው አንገቱ ላይ ነጭ ፎጣ አንጠልጥሎ፣ እጁን ወገቡ ላይ ሰክቶ፣ መስተዋት ፊት ቆሞ ራሱን ያያል። ሶፋ ሠሪው የተቀደዱትን የስፖርት አግዳሚዎች ቆዳ እንዲቀይር ተጠርቶ ነበር። የስፖንጅ ጥቅሉን በትከሻው ተሸክሞ በሩን በጎኑ ገፋ ሲያደርግ፣ ባለቤቱ በመስተዋቱ ውስጥ አየውና ዞር እንኳ ሳይል፣

«ይሄን ፍራሽ ደግሞ ከነነፍሱ ማን አስገባው?» አለ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ብረት ያነሣ የነበረው ብረቱን አስቀምጦ ሳቀ። የሩጫ ማሽን ላይ የነበረችው ሴትዮ ትንፋሽ አጥሯትም አልቀረችም፣ ሳቀች። ሶፋ ሠሪውም አብሮ ሳቀ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው ያ ሳቁ ነው። ሰው ሲሰድብህ አብረህ ከሳቅክ ስድቡን ፈርመህ ተረከብክ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ስሙ ፍራሽ ሆነ።

ያልሳቀች አንዲት ሰው ነበረች። በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ኋላ የምትቀመጠው መዝጋቢ፣ የባለቤቱ ታናሽ እህት። ቀና ብላ አየችውና ወዲያው ዓይኗን ሰበረች። እሱ ደግሞ ሞኝ ነው፤ አለመሳቅን ከፍቅር ቆጠረው።

የመጀመሪያው ስድብ ነው እንዳይባል፣ አይደለም። ልጅ ሆኖ አስተማሪው «ሰሌዳውን ጋረድከው» ብሎ ከክፍሉ ጥግ ወስዶ አስቀመጠው። ከጥጉ ፊደሉ አይታይም ነበር፤ የማይታይ ነገር ምን ይማሩታል፣ ትምህርቱን ተወው። አድጎ ሥራ ከያዘ በኋላ ደግሞ አንድ የታክሲ ረዳት በሰው ሁሉ ፊት «አባባ፣ ሁለት ቦታ ነው የያዝከው፣ የሁለት ሰው ትከፍላለህ» አለው። አባባ ሲለው ጢሙ እንኳ በቅጡ አልወጣም ነበር። ከዚያ ወዲህ ታክሲን እርም አለ። ከቤቱ እስከ ሥራ ቦታው፣ በጋም ሆነ ክረምት፣ በእግሩ ነው።

በእግሩ የሄደ ይከሳል ይላሉ። ይኸው ዕድሜውን ሙሉ ሄደ። እግሩ እንደ ግንድ ጠነከረ፤ ስፖንጅ ተሸክሞ አቀበት ሲወጣ ትንፋሹ አይቆራረጥም። ሆዱ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። የጂም ቤቱ ባለቤት ስለ እግር ጉዞ ጥቅም ሲሰብክ የሚውለው በመኪና እየመጣ ነው። እሱን ግን ማንም ፍራሽ አይለውም።

የአግዳሚዎቹ ሥራ ብዙ ቀን ያዘው። ጥግ ይዞ፣ አሮጌውን ቆዳ እየገሸለጠ፣ አዲሱን እየወጠረ በምስማር ይመታል። በማግስቱ መዝጋቢዋ ብርጭቆ ይዛ መጣች።

«ወንድም፣ ውሃ ልስጥህ? ሎሚ አለበት። በባዶ ሆድ ከጠጡት ስብ ያቀልጣል።»

«የኔን ለማቅለጥ አንድ ሎሚ አይበቃም። እርሻው ይምጣ።»

ሰው ሳይቀድመው ራሱን መስደብ ለምዷል። እሷ ግን ብርጭቆውን እንደያዘች ቆመች።

«እንደሱ አትበል» አለችው።

«ታዲያ ምን ልበል?»

«ዝም በል።»

ዝም አለ። ውሃውን እስኪጨርስ እሷም ዝም ብላ ጠበቀችው። ከዚያ በፊት ውሃ ሲጠጣ ቆሞ የጠበቀው ሰው አያስታውስም።

አንድ ቀን ሥራ ጨርሶ ሲወጣ እሷም ወጣች፤ መንገዳቸው አንድ ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ እሷ ግን ወፍራም ጃኬት እስከ አንገቷ ዘግታለች። ስትራመድ ከልብሷ ሥር የሆነ ነገር ይንኮሻኮሻል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ምንም።»

«ምንም እንዲህ አይጮህም።»

ጥቂት እንደሄዱ «ላስቲክ ነው» አለች። «ሆዴ ላይ የምጠቀልለው። ጋሼ ነው ያዘዘኝ፣ ወንድሜ። ላብ ሲወጣ ስቡ አብሮ ይወጣል።»

«አንቺ ደግሞ ምን ስብ አለሽ?»

«ይኖራል እንጂ። ሰው የሚመዘገበው እኔን አይቶ ነው። ጋሼ ‹አንቺ የቤቱ መስተዋት ነሽ› ይለኛል።»

«እኛም እኮ ሶፋ በላስቲክ እንጠቀልላለን፣ አቧራ እንዳይገባ። እስካሁን የከሳ ሶፋ አላየሁም።»

ሳቀች። አፏን በእጇ ሸፍና፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከዚያ ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ሳቋ ተቋረጠ፤ ፊቷ አመድ መሰለ፣ ተንገዳገደች። ሳትወድቅ ክንዷን ያዘና ግንቡ ላይ አስቀመጣት።

«ዛሬ ምን በላሽ?»

የጃኬቷን ዚፕ ዳበሰች።

«ትናንትስ?»

«ትናንት ጠዋት» አለች በቀስታ።

ከድልድዩ ማዶ ካለው ሱቅ ዳቦና ሙዝ ገዝቶ መጣ። እሷ እጇን ሰበሰበች። «ዳቦ አልበላም፣ ያወፍራል። ሙዝም ያው ነው።»

«ማን አለሽ?»

«ጋሼ።»

«ጋሼ አሁን እዚህ የለም። ብዪ።»

ንዴት በድምፁ ውስጥ ነበር፤ የተናደደው ግን በእሷ አልነበረም። በላች። መጀመሪያ እንደ ሌባ እየቆነጠረች፣ ኋላ እንደ ሰው። ሲያልቅ ወደ ሱቁ ጓሮ ገባችና ጃኬቷን በክንዷ አንጠልጥላ፣ ላስቲኩን ጨምድዳ ይዛ ወጣች። ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ወረወረችው። ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል። ቀና ብላ ስታየው ዓይኗን አልሰበረችም፤ ይልቅ እሱ ነው መሬት መሬት ያየው።

ከዚያ ወዲያ አግዳሚዎቹ አልቀውም ጠዋት ጠዋት ድልድዩ ጋ ይጠብቃት ጀመር። መንገዱ ሁለት የሚከፈልበት ድረስ አብረው ይሄዳሉ፤ እሷ ወደ ጂም ቤቱ፣ እሱ ወደ ሥራው። «ከዚህ በኋላ ብቻዬን ልሂድ» ትለዋለች፤ እሺ ይላል። አይቸኩሉም። እሷ ስለ ደንበኞቹ ታወራለች፤ እሱ ስለ ወንበር ያወራል፤ ሁለቱም የሚያወሩት ሲያልቅ ዝም ይላሉ፣ ዝምታውም አይከብዳቸውም።

«ጋሼ ካላላበሽ መንገዱ አይቆጠርም ይላል» አለችው አንድ ጠዋት። «ካንተ ጋር ስሄድ ደግሞ አያልበኝም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ተወው፣ አይቆጠር።»

እዚያው ድልድይ ላይ ነው ፎቶ ያነሣችው። ወንድሟ ሰው ሲያሠራ እንዴት እንደሚቆጣ፣ ደረቷን ነፍታ፣ አንገቷን አሳጥራ አስመስላ አሳየችው። ሶፋ ሠሪው በሳቅ ሲፈርስ ስልኳን አወጣችና ቀጭ አድርጋ አነሣችው። ፎቶ የሚባል ነገር አይወድም ነበር፤ ሰርግ ቤት እንኳ ካሜራ ሲያይ ከሰው ኋላ ይሸሸጋል። ከእሷ ግን አልተሸሸገም። ምስሉን ስታሳየው ራሱን ሳይሆን ሳቁን አየ፤ እንዲህ አድርጎ እንደሚስቅ አያውቅም ነበር።

ለታላቅ እህቱ ነገራት። ባል ቀብራ ሦስት ልጆች ያሳደገች፣ ነገር የማይገባት መስላ ሁሉን የምታውቅ ሴት ናት። እስኪጨርስ ሰማችውና፣

«አንተ ልጅ» አለችው፣ «ይቺ ልጅ አብራህ የምትሄደው ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ሰው በሚበዛበት ሰዓት አብራህ ቆማ ታውቃለች?»

«እትዬ፣ ያንቺ ነገር ሁልጊዜ መርዝ ነው።»

«እኔ ምን አልኩ? መጠየቅ ነው።»

ተቆጥቶ እራቱን ትቶ ገባ። የተቆጣው ጥያቄው በእሱም ልብ ውስጥ ስለነበረ ነው።

በማግስቱ ጠዋት፣ ድልድዩን እንደተሻገሩ፣ ቆም አለ። «ላገባሽ እፈልጋለሁ። በጨለማ እየተጠባበቅን ሳይሆን በሰው ፊት። ካላሰብሽበት አሁን ንገሪኝ፣ መንገዱን ልቀይር።»

እሷ ጫማዋን አየች። «እናትና አባታችን ከሞቱ ጀምሮ ያሳደገኝ ጋሼ ነው። ያለ እሱ ቃል አልወጣም። ጊዜ ስጠኝ፣ ላለሳልሰው» አለች። ከዚያ እጁን ያዘችው። መዳፉ በምስማርና በክር የጠጠረ ነው፤ እሷ ግን ጨብጣ አልለቀቀችም። ያን ቀን ሥራ ቦታው እንዴት እንደደረሰ አያውቅም።

ዓርብ ጠዋት «ነገ ና» አለችው። «ጋሼ ያናግርሃል። እሺ ሳይል አይቀርም።» ይህን ስትል ግን አላየችውም። አፍራ ነው ብሎ አሰበ።

ቅዳሜ አዲስ ኮት ለብሶ ሄደ። ልብስ ሰፊው ጎረቤቱ በልኩ የሰፋለት ነው፤ ተዘጋጅቶ ከሚሸጥ ኮት ለእሱ የሚሆን የለም። ወደ ጂም ቤቱ መንገድ ሲታጠፍ የሰው ክምር አየ። ሰዉ ወደ ላይ ያያል። እሱም ቀና ብሎ አየ።

ከጣሪያው እስከ በሩ አናት የወረደ ባነር ነበር። በግራ በኩል እሱ ራሱ፣ ቤት የሚያህል ሆኖ፤ ሸሚዙ የራሱ፣ ሆዱ የራሱ። ከአናቱ በላይ በቀይ «በፊት» ይላል። በቀኝ በኩል አንገቱ ላይ የተቆረጠ፣ ፊት የሌለው፣ በመጥረቢያ የተጠረበ የሚመስል ወንድ ገላ። ከላዩ «በኋላ» ይላል። ከሥር «ሦስት ወር ይበቃል» የሚል አለ።

ሶፋ ሠሪው በዚያ ቤት ማሽኖች ላይ እግሩን አሳርፎ አያውቅም። ይህም ውሸት ለብቻው ያበግናል። ልቡን የወጋው ግን ሌላ ነው። ከፎቶው ላይ ድልድዩን ከኋላው ቆርጠው ጥለውታል፤ ሳቁን ግን ትተውታል። ለእሷ የሳቀው ሳቅ ነው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው። አንድ ልጅ እግር ባነሩን አየ፣ እሱን አየ፣ ጓደኛውን በክርኑ ጎሸመ።

«ኧረ ፍራሽ መጣ» አለ ባለቤቱ ከበሩ ላይ፣ እጆቹን ዘርግቶ። «ና፣ ና። አየኸው? ከተማው ሁሉ አወቀህ።»

«ማን ፈቀደልህ?»

«እህቴ ናት የሰጠችኝ። ይቻትና፣ ጠይቃት።»

ከወንድሟ ኋላ ወጣች። ደንበኛ የምትቀበልበትን ጠባብ ልብስ ለብሳለች፤ ስትንቀሳቀስ ከሥሩ ላስቲክ ተንኮሻኮሸ።

«ስለ አንተ ስነግረው ‹ፎቶውን አምጪ፣ አይቼ የሚስማማውን ስፖርት ልንገርሽ› አለኝ» አለች በማይሰማ ድምፅ። «ይሰቅለዋል ብዬ አላሰብኩም።»

«መቼ ነው የሰቀለው?»

«ማክሰኞ።»

ረቡዕ አብረው ሄደዋል። ሐሙስ አብረው ሄደዋል። ትናንት «ነገ ና» ብላዋለች።

«ስማኝማ» አለ ባለቤቱ፣ አሁን ለእሱ ሳይሆን ለተሰበሰበው ሰው እየተናገረ። «እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ሦስት ወር በነፃ ግባ። ያንን ‹በኋላ› የሚለውን ሆነህ ስትወጣ እህቴን መርቄ እድርልሃለሁ። ይኸው፣ ሰው ሁሉ ምስክር ነው።»

ሰዉ ሳቀ፤ ከኋላ አንዱ አጨበጨበ። ሰውየው ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ቸርነት የሠራ መስሎት ፈገግ ብሎ ይጠብቃል።

ሶፋ ሠሪው ግን እሱን አላየም። የሚያየው እሷን ነበር። ከእሷ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ የበሩን ሦስት ደረጃ ወርዳ አጠገቡ እንድትቆም። መናገር እንኳ አያስፈልጋትም። ብትቆም ባነሩ እዚያው ተሰቅሎ ይበስብስ፣ ግድ አልነበረውም፤ ፍራሽ እያሉ ይጥሩት፣ ከተማው በሙሉ ይሳቅ።

አንዱን ደረጃ ወረደች። ሁለተኛው ላይ ቆመች። ወንድሟን ዞራ አየች፣ ሰውን አየች።

«እሺ በለው» አለችው። «ሦስት ወር ምንድን ነው? ይሄዳል። እኔ እኮ እንደዚህም ሆነህ እወድሃለሁ፣ ታውቃለህ። ለሰው ብዬ ነው።»

ለሰው ብዬ ነው። ለባለቤቱ የሚመልሰው ስድብ ሞልቶ ነበር። ሌሊት ሌሊት እያገላበጠ፣ እየሳለ፣ ያስቀመጠው ነው፤ አንዱ ብቻ ቢወጣ ያ ሁሉ ሳቅ ወደ ባለቤቱ ይዞር ነበር። ለእሷ የሚሆን ግን አንድም አላዘጋጀም። ለእሷ ይሆናል ብሎ አስቦ አያውቅማ።

የኮቱን ቁልፍ ፈታ፤ ሙቀቱ አፍኖታል። እንባ በዓይኗ ሞልቶ ነበር፤ እውነተኛ እንባ ነው፣ ያንን አይክድም። ይህም ነው ነገሩን የባሰ ያደረገው።

«ሰኞ ድልድዩ ጋ ትጠብቀኛለህ አይደል?» አለችው። «እንደ ወትሮው፣ በጠዋት። አይደል?»

ሰዉ መንገድ ከፈተለት። ዞረና ሄደ፤ ሳይፈጥን፣ አንገቱን ሳይደፋ፣ በራሱ እርምጃ። ከኋላው «ንገረኝ እንጂ» የሚል ድምፅ ሰማ። እርምጃውን አልቀየረም፤ የመንገዱ መታጠፊያ ጋ ሲደርስም መልስ አልሰጣትም።