ታስተካክዪኝ ነበር?

«እንደ ቲና ያለ ልጅ ሁለተኛ አይወለድም ማለት ነዋ!» ሀና በደስታ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ፀሐይ የሚያቃጥለው ሰው አይኖርም። አሪፍ አይደል?»

ሁሉም ወደ ቲና ዞረ። ያለችው ነገር ዘግይቶ ለራሷ ሲገባት አፏን በእጇ ያዘች።

ነገሩን ያመጣው መምህር ፊሊጶስ ለነገው ክርክር ያቀረቡት ጥያቄ ነበር፤ «ዓለም እየሞቀች ነው። ወደፊት ሰው ሙቀቱንና ፀሐዩን እንዲችለው ገና በፅንስነቱ ዘረመሉን ማስተካከል ቢቻል፣ ይደረግ ወይስ አይደረግ?» ከቲና በቀር ሁሉም ወገኑን መርጧል። ቲና አልቢኒዝም አለባት፤ ቆዳዋም ጸጉሯም ቀለም የለውም። በእረፍት ሰዓት ሜዳ የማትወጣ ብቸኛዋ ተማሪ እሷ ናት።

ሲለቀቁ ሀና እየሮጠች ደረሰችባት። «ቲንዬ፣ በማርያም፣ ለክፉ አልነበረም። ኢያቄምን አስቤ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች ቲና። ማወቋ ግን ምንም አላቀለለላትም።

ኢያቄም የቲና ታላቅ ወንድም ነበር፤ ቆዳውም እንደ እሷው። ከጀሞ ሀይሌ ጋርመንት የምትመላለስ ታክሲ ላይ ረዳት ሆኖ፣ ቀኑን ሙሉ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ «ጋርመንት! ጋርመንት!» ሲል ይውል ነበር። ክረምት ሲገባ ደመናው ያሳርፈው ነበር። ካቻምና ግን ዝናቡ ዘገየ፤ ሰኔና ሐምሌ በጠራራ ፀሐይ አለፉ። አንገቱ ላይ የቆየው ቁስል ጭራሽ አልድን አለ። ካንሰር ነው ተባለ። አምና ጥቅምት ላይ ቀበሩት።

ቤት ስትደርስ እናቷ ምስር ትለቅማለች። ቲና ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ጠየቀቻት።

«እማ፣ ሳልወለድ በፊት ቆዳዬን ማስተካከል ቢቻል ኖሮ፣ ታስተካክዪኝ ነበር?»

እናቷ ሰፌዱ ላይ እጇን አሳረፈች። ቲና «እንዲሁ እንዳለሽ ነው የምወድሽ» የሚል መልስ ነበር የጠበቀችው።

«አዎ» አለች እናቷ።

«አዎ?»

«ልጅ ቀብሬያለሁ፣ ቲና። ቢሉኝ ኖሮ ለሁለታችሁም እሺ እል ነበር።»

«ያኔ የምወለደው እኔ እሆን ነበር?»

እናቷ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«እሱን እንጃ» አለች። «እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ወንድምሽ የለመነው ትንሽ ነገር ነበር። ፀሐይዋ እስክትበርድ ልረፍ ነው ያለው። ሾፌሩ ‹ሌላው ሁሉ ይችለው የለ እንዴ?› ብሎ መለሰው።»

ቲና ቦርሳዋን አውርዳ አጠገቧ ተቀመጠች። ሌላው ሁሉ ይችለው የለ እንዴ። ሰው ሁሉ ፀሐይ እንዲችል ሆኖ ቢወለድ፣ ያልቻለ አንድ ሰው ጥላ ሲለምን ማን ይሰማዋል? ይህን ለእናቷ አልነገረቻትም። አብረው ምስሩን ለቀሙ።

በማግስቱ መምህር ፊሊጶስ ወደ ቲና ጠጋ ብለው «ካልፈለግሽ መከራከር የለብሽም» አሏት፣ ሌላው እንዳይሰማ።

«ግዴለም፣ ቲቸር።»

ሀና ከደጋፊዎቹ መካከል አጠገቧ ቦታ ይዛላት ነበር። ቲና አየቻት፤ ራሷን በቀስታ ወዘወዘችና ሄዳ ከተቃዋሚዎቹ ጫፍ ተቀመጠች። ተራዋ ሲደርስ ተነሣች።

«እናቴ እዚህ ብትሆን ከነሀና ጋር ትቀመጥ ነበር» አለች። «እውነት አላት። መጀመሪያ የእሷን ልንገራችሁ፤ የእኔን ከዚያ ትሰማላችሁ።»

ሀና አንገቷን ደፋች። ቲና ስለ ኢያቄም መናገር ጀመረች።